እንግዳና ግድግዳ

ባሕር ዳር ላይ ቤት የሚቀባው ስላረጀ አይደለም፤ ሰው ሊመጣ ስለሆነ ነው። ግድግዳው አምስት ዓመት ሙሉ ሲያብጥ፣ ሲላጥ፣ የልጆች እስክሪብቶ ሲያስተናግድ ቀና ብሎ ያየው የለም። አንድ ቀን ማታ «ሽማግሌ ልንልክ ነው» የሚል ስልክ ይደወላል፤ ወይም የማርያም ማኅበር ተራ ይደርሳል፤ ወይም አሜሪካ ያለችው አክስት ቲኬት ቆርጣለች ይባላል። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የቤቱ ሰው ሁሉ ግድግዳውን በጣቱ እየነካካ «ውይ! እዚህ ውስጥ ነው እንዴ ስንኖር የከረምነው?» ማለት ይጀምራል።

ቀጥሎ ቀለም ቀቢ ይጠራል። ቀቢው ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች ያያል፤ ጥጉን በጥፍሩ ይፍቃል፤ ሁለቴ «እህ» ይልና ዋጋውን ይናገራል። አባወራው ዋጋውን ሲሰማ ስልኩን ያወጣል። ስልኩ ውስጥ አንድ ፈረንጅ በ60 ሰከንድ ሳሎኑን አራግፎ፣ ቀብቶ፣ መደርደሪያ ሰቅሎ፣ ሶፋው ላይ ጋደም ብሎ ቡናውን ይጠጣል። «ይሄንንማ እኔ ራሴ አልሠራውም?» የሚባለው እዚህ ላይ ነው። የፈረንጁ ግድግዳ ጂፕሰም ቦርድ እንደሆነ፣ የእኛው ደግሞ ወይ ጭቃ ወይ ብሎኬት እንደሆነ ቪዲዮው አይናገርም። ከፈረንጁ ጓሮ ጣና እንደሌለም አይናገርም።

የሚቀባው ሳሎኑ ብቻ ነው። መኝታ ቤቱና ጓዳው እንግዳ ስለማይገባባቸው ይታለፋሉ። ሳሎኑም ቢሆን ሙሉ በሙሉ አይቀባም፤ ቡፌው ከባድ ስለሆነ፣ ውስጡም ለዓመት በዓል እንኳ የማይወጣ ብርጭቆ ስለተደረደረበት ባለበት ቆሞ ዙሪያው ይቀባል። ከሁለት ዓመት በኋላ ቡፌው ቦታ ሲቀይር ግድግዳው ላይ በአሮጌው ቀለም የተሣለ ሌላ ቡፌ ቆሞ ይገኛል። ብርጭቆውን አውጥቶ፣ ቡፌውን 70 ሳንቲ ሜትር ያህል ፈቀቅ አድርጎ፣ ላስቲክ አልብሶ መቀባት የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። ሥራው የሚቀረው ብርጭቆውን ማን አጥቦ ይመልስ በሚለው ክርክር ነው።

ትልቁ ጣጣ ግን ቀኑ ነው። ቀለም የሚገዛው ለእንቁጣጣሽ ነው፤ ማለትም በነሐሴ መጨረሻና በጳጉሜን፤ ማለትም ግድግዳው ከሰኔ ጀምሮ የጠጣውን ዝናብ ገና ሳያወጣ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም የሚባለው ለዚህ ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። ከተማው 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ቢሆንም በሐይቁ ደቡብ ጫፍ ለጥ ያለ ሜዳ ላይ ነው የተቀመጠው፤ ክረምት ሲገባ ብዙ ሰፈር ውስጥ ጥቂት ከተቆፈረ ውሃ ይገኛል። ይህ ውሃ በመሠረቱና በሲሚንቶው ቀጫጭን ቀዳዳ ሽቅብ እየተሳበ ግድግዳውን እስከ ጉልበት፣ ሲብስም እስከ ወገብ ይወጣል። በጋ ሲመጣ ውሃው ይተናል፤ ይዞት የወጣውን ጨው ግን ገጹ ላይ ጥሎት ይሄዳል። ከታች ግድግዳው ላይ የሚታየው ነጭ ብናኝ ይኸው ጨው ነው። ብዙ ሰው በእርጥብ ጨርቅ ይወለውለዋል፤ ያን ጊዜ ጨው ይሟሟና ተመልሶ ይገባል፤ በሳምንቱ ደግሞ ይወጣል። መጥረግ ያለበት በደረቅ ብሩሽ ነው።

በዚህ ላይ የተቀባ የውሃ ቀለም ተፈረፈረ እንበል። አባወራው ይናደድና ዘይት ቀለም ገዝቶ ከወለሉ እስከ 1 ሜትር ከ20 ድረስ ያለብሰዋል። ምክንያቱ ሁለት ነው፦ አንደኛ «ይታጠባል»፤ ሁለተኛ የክሊኒኮች ግድግዳ እንዲያ ነው። ዘይት ቀለም ግን እርጥበት አያሳልፍም። ውሃው መውጫ ሲያጣ ቀለሙን ከጀርባው እየገፋ ፊኛ ያስወጣዋል፤ ፊኛውን ማፈንዳት የቤቱ ልጆች የጥናት ሰዓት ሥራ ይሆናል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ግድግዳው መድረቁን ለማወቅ ጠንቋይ አያስፈልግም። 50 በ50 ሳንቲ ሜትር የሆነ ንጹሕ ላስቲክ ይቆረጥና አራቱም ጠርዙ በስኮች ተደፍኖ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል፤ ሁለት ቀን ይተዋል። ጠብታው በግድግዳው በኩል፣ ማለትም ከላስቲኩ ጀርባ ከተገኘ ውሃው ከግድግዳው ነው፤ ቀለም አይነካውም። ጠብታው በፊት ለፊቱ ከሆነ ደግሞ የክፍሉ እንፋሎት ነው፤ መስኮት ቢከፈት ይበቃዋል። ሁለት ቀን መታገሥ ግን «እንግዳ እየመጣ ምን ያስታግሣል?» የሚባልበት ነገር ነው።

መድኃኒቱም ያለው ውጭ ነው። አሸንዳው የሚተፋው ውሃ ከግድግዳው ሥር ሳይሆን ቢያንስ 1 ሜትር ርቆ መውደቅ አለበት፤ መሬቱም ከግድግዳው እየራቀ በየሜትሩ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ማለት አለበት። ከሳሎኑ መስኮት ሥር የተተከለውና ማታ ማታ አንድ ባልዲ ውሃ የሚጠጣው ጽጌረዳ ቦታ መቀየር ይኖርበታል። ይህን ለእማወራዋ የሚነግር ሰው ሌላ ሰው ይሁን። ለነገሩ ማንም አይነግራትም፤ አሸንዳ አይቶ ልጅ የጠየቀ ሽማግሌ ስለሌለ ገንዘቡ የሚሄደው ወደ መጋረጃ ነው። እኔን ከጠየቃችሁ ቀለም የሚቀባው ከጥቅምት አጋማሽ እስከ የካቲት ነው፤ ሽማግሌውም ለኅዳር ይቀጠር፤ ሠርጉም ጥር ላይ ይሁን፤ ግድግዳውም ልጅቷም አብረው ይዘጋጃሉ።

ወደ ቀለም ሱቅ ሲኬድ የሚጠየቀው «ለአንድ ሳሎን ስንት ይበቃል?» ነው። ባለ ሱቁ ሳሎኑን አላየውም፤ ሆኖም ይመልሳል። ሒሳቡ ከባድ አይደለም። ክፍሉ 4 በ4፣ ቁመቱ 2 ሜትር ከ80 ቢሆን ዙሪያው 16 ሜትር ነው፤ በቁመቱ ሲባዛ 45 ካሬ ገደማ ይሆናል። አንድ በርና ሁለት መስኮት ወደ 5 ካሬ ይቀንሳሉ፤ 40 ይቀራል። ሁለት እጅ ሲቀባ 80 ካሬ ነው። አንድ ሊትር ፕላስቲክ ቀለም፣ ማለትም የውሃው ቀለም፣ በለሰለሰ ግድግዳ ላይ 10 ካሬ ያህል ይሸፍናል፤ ስለዚህ 8 ሊትር፣ ባለ 4 ሊትር ጋሎን ሁለት። ግድግዳው ሻካራ ከሆነ በሊትር 7 ካሬ ቢደርስ ነው፤ ሦስት ጋሎን ይያዝ። አባወራው አንድ ጋሎን ይገዛና የቀረውን ከቧንቧ ይሞላዋል። ለመጀመሪያው እጅ እስከ አንድ አምስተኛ ውሃ ይፈቀዳል፤ ይኸውም በ4 ሊትር 800 ሚሊ ሊትር ነው። ለሁለተኛው እጅ ከአሥር አንድ አይበልጥም። በአራት ሊትር ቀለም አራት ሊትር ውሃ ሲጨመር የሚገኘው ግን የጠላ ቅራሪ ነው፤ አራት ጊዜ ቢቀባም የድሮው ቀለም ከሥሩ ሆኖ ያያል።

ስለ ቀለሙ ዓይነት የሚደረገው ስብሰባ የቤተሰብ ጉባኤ ይባላል እንጂ ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ ነው፤ ክሬም ነው። ልጅቷ ከቲክቶክ ያመጣችው ግራጫ «ቢሮ አስመሰልሽው» ተብሎ ይወድቃል፤ በዚህ ላይ እኔም ከእናቷ ጋር ነኝ፤ መስኮቱ ትንሽ በሆነ ሳሎን ውስጥ ግራጫ ሲቀባ ከቀኑ አሥር ሰዓት ጀምሮ መብራት ይፈልጋል። አባትየው የመረጠው አረንጓዴ ላይ ጎረቤት እንኳ አስተያየት አይሰጥም። ክሬም ከተባለ በኋላ ችግሩ የትኛው ክሬም የሚለው ነው። ሱቅ ውስጥ በነጭ አምፖል ሥር የታየው ክሬም ቤት ሲገባ ቢጫ ይሆናል። እርጥቡ ቀለም ነጣ ብሎ ይታይና ሲደርቅ ይጠቁራል። ስለዚህ ከሁለት የተለያዩ ግድግዳዎች ላይ 50 በ50 ሳንቲ ሜትር ተቀብቶ፣ ጠዋት፣ ቀትርና ማታ በመብራት መታየት አለበት። ከሁሉ የሚያሳዝነው ግን ሁለቱን ጋሎን ለየብቻ ማቅለም ነው። በአንደኛው ውስጥ ሦስት ጠብታ ማቅለሚያ፣ በሌላው «እንደዚያው» ይጨመራል፤ «እንደዚያው» ደግሞ አምስት ጠብታ ነው። ሳሎኑ ከመሐል ተከፍሎ የሁለት አባወራ ቤት ይመስላል። ሁለቱም ጋሎን በአንድ ትልቅ ባልዲ ተገልብጠው፣ ተማስለው፣ ከዚያ ነው የሚቀቡት፤ ከሱቅ ተቀላቅሎ የመጣ ቢሆንም እንኳ።

አሁን ቪዲዮው ወደማያሳየው ክፍል እንምጣ። ከአምስት ቀን ሥራ አራቱ ዝግጅት ነው፤ ሩሎ የሚነሣው በአምስተኛው ነው። የለቀቀው ቀለም ሁሉ በስፓቱላ ይፋቃል። ፀጉር የምታህለዋ ስንጥቅ ላይ ጀሶ ማለስለስ ብቻ ዋጋ የለውም፤ በሳምንቱ ተመልሳ ትታያለች። ስንጥቁ በስፓቱላው ጫፍ ፈልቀቅ ተደርጎ፣ አፉ ሰፋ ታቹ ጠበብ ብሎ፣ ብናኙ ተጠርጎ፣ በውሃ ረጠብ ተደርጎ ነው የሚሞላው።

ጀሶ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ውሃው ላይ ዱቄቱ ይበተናል እንጂ ዱቄቱ ላይ ውሃ አይፈስም፤ ከፈሰሰ ይቋጠራል። በስኒ ሁለት ውሃ ለሦስት ጀሶ ይበቃል። ከተበጠበጠ በኋላ ያለው ዕድሜ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ነው። የትላንቱ ጀሶ የደረቀበት ባልዲ ካልታጠበ ደግሞ ከዚያም ያንሳል፤ አሮጌው ጀሶ አዲሱን እያጣደፈ ያደርቀዋል። አባወራው ግን አምስት ኪሎውን በአንድ ጊዜ ይበጠብጣል፤ «እየተነሡ መበጥበጥ ሥራ ያስፈታል» ብሎ ነው። በዚያች ሰዓት ጎረቤት ብቅ ይላል።

«እንዴት ዋላችሁ? ደኅና ናችሁ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን! እርስዎስ ደኅና ነዎት፣ ጋሼ? ልጆቹስ?»

«ይመስገን ነው። እናትህስ ደኅና ናቸው? እግራቸውንስ ተሻላቸው?»

የጎጃም ሰላምታ ተጀምሮ ሳያልቅ ጀሶው ያልቃል። እናትየው ጤና መሆናቸው ተረጋግጦ ዞር ሲባል ስፓቱላው ባልዲው ውስጥ እንደ ቆመ ቀርቷል። ውሃ ጨምሮ ማለስለስ ይሞከራል፤ የጠጠረ ጀሶ ውሃ ቢጨመርበት ይላላል እንጂ ዳግም አይይዝም። አንዴ የሚበጠበጠው በአሥር ደቂቃ የሚያልቀው ያህል ብቻ ነው፤ ጀሶ የሚበጠብጥ ሰውም የግቢውን በር ይዝጋ። እርጥበት በሚያገኘው የግድግዳ ታችና መታጠቢያ ቤት ውስጥ ጀሶ ጨርሶ አይገባም፤ ውሃ ያላላዋል፤ ለዚያ የሲሚንቶ ልስን ነው።

የተሞላው ሲደርቅ በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ይፈተጋል፤ በላዩ ስቱኮ የሚባለው የግድግዳ ማለስለሻ በስሱ ሁለት ጊዜ ይለበጣል፤ ከዚያ በ220 ይለሰልሳል። ከዚህ በኋላ ያለውን ነጭ ብናኝ መጥረግ የሚረሳው ሰው ብዙ ነው። ብናኙ ላይ የተቀባ ቀለም የያዘው ብናኙን እንጂ ግድግዳውን አይደለም፤ ሩሎው ለሁለተኛው እጅ ሲመለስ የመጀመሪያውን እጅ ተሸክሞት ይነሣል። ገና ቀለም ያልነካው ስቱኮ ላይ የሚቀባው የመጀመሪያ እጅ ቀጠን ያለ የሚሆነውም ለዚሁ ነው፤ ሰርጎ እንዲይዝ። የድሮው ቀለም የሚያብረቀርቅ ዘይት ከሆነ ደግሞ መፈተግ ግዴታ ነው፤ ካልተፈተገ ፕላስቲክ ቀለሙ በዓመት በዓሉ ማግሥት በጥፍር ይገፈፋል።

የጭቃ ቤት ያለው ሰው ሌላ ወግ አለው። ጎረቤት ብሎኬት ሲሠራ ያየ ሰው የጭቃ ግድግዳውን በሲሚንቶ ልስን አልብሶ ብሎኬት ሊያስመስል ይፈልጋል። ጭቃው ግን እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ሲሚንቶው ከተጣበቀበት ንቅንቅ አይልም። በሁለተኛው ክረምት ልስኑ እንደ በር ሙሉ ለሙሉ ተላቆ ይወድቃል፤ የሚወድቀውም ሶፋው ላይ ነው። የግድ ሲሚንቶ ካሉ የዶሮ ሽቦ በየ25 ሳንቲ ሜትሩ በሚስማር ከቋሚውና ከማገሩ ጋር ተቸንክሮ ልስኑ በሽቦው ላይ ነው የሚጣል። እውነቱን ለመናገር ጭቃ የሚስማማው ከጭቃ ጋር ነው። ቀይ አፈር ከጤፍ ጭድ ጋር ተረግጦ፣ ቀናት ከከረመ በኋላ ይመረጋል፤ የመጀመሪያው ምርጊት ሲደርቅ መሰንጠቁ አይቀርም፤ ይሰነጠቅ፤ ሁለተኛው በሳሳና በለሰለሰ ጭቃ ይሞላዋል። መረሬ አፈር ለዚህ አይሆንም፤ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል።

ይህን የአካባቢው ሰዎች ድሮ ያውቁት ነበር። ጀልባ ተሳፍሮ ከጣና ዳር ካለችው ዘጌ የደረሰ ሰው ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም ገብቶ የመቅደሱን ሥዕል ጠጋ ብሎ ይመልከት። ሥዕሉ ጭቃው ላይ በቀጥታ አልተሣለም፤ ግድግዳው ላይ የጥጥ ጨርቅ ተለጥፎ በጨርቁ ላይ ነው የተሣለው። ጭቃው ሲሰነጠቅ ጨርቁ ስንጥቁን ያልፈዋል፤ ሥዕሉም አብሮ አይሰነጠቅም። ዛሬ ሱቅ ውስጥ ለስንጥቅ የሚሸጠው የመረብ ጥቅል የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነው፤ ስንጥቁ ላይ ተለጥፎ በላዩ ስቱኮ ይለበጣል። ለሽርሽር ዘጌ የሄደው አባወራ ግን ሥዕሉ ፊት ፎቶ ተነሥቶ ይመለስና ሳሎኑ ስንጥቅ ላይ ካላንደር ይሰቅላል።

ግድግዳ ላይ ዕቃ ስለ መስቀል ከተነሣ መደርደሪያ አለ። ብሎኬት ሆዱ ባዶ ነው፤ ከፊት ያለው ግድግዳ 3 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ድሪሉ ትንሽ ይሄድና ድንገት ጥልቅ ይላል፤ አባወራው «ለስላሳ ቦታ አገኘሁ» ብሎ ይደሰታል። ባዶ ቦታ ነው ያገኘው። ባለ 6 ሚሊ ሜትር ፊሸር፣ ብሎኑን የሚይዘው ፕላስቲክ፣ እዚያ ውስጥ ገብቶ ከብሎኑ ጋር አብሮ ይዞራል እንጂ አይነክስም። ግድግዳውን በጣት አንጓ ኳ ኳ እያደረጉ ሲሄዱ ድምፁ የሚደፈነው ብሎኬቱ ጠንካራ በሆነበት ወይም ሲሚንቶ በገባበት መጋጠሚያ ነው፤ የሚበሳው እዚያ ነው። ሌላ ቦታ ካልተገኘ ቀዳዳው ሰፋ ተደርጎ በሲሚንቶ ይሞላና በደረቀ እንጨት ሽብልቅ ይመታበታል፤ ሲጠነክር ብሎኑ ሽብልቁ ውስጥ ይገባል። ሽብልቁ እርጥብ ባሕር ዛፍ ከሆነ በወሩ ይኮማተርና የወለቀ ጥርስ ይሆናል። ከሶኬትና ከማብሪያ ማጥፊያ ቀጥታ ሽቅብ መብሳት ደግሞ የተከለከለ ነው፤ የሽቦው ቱቦ የሚወርደው በዚያ መስመር ነው፤ ብሬከሩ ካልጠፋ 220 ቮልት ይጠብቃል።

መደርደሪያው ቀጥ ማለቱን ለማየት ከወለሉ የለካ ሰው አንድ መልስ ያገኛል፤ ከኮርኒሱ የለካ ሌላ። ሁለቱም ልክ አይደሉም፤ ወለሉም ኮርኒሱም ተዳፋት ናቸው። ውሃ ልክ ከሌለ ስስ የሚያሳይ የላስቲክ ቱቦ ውሃ ተሞልቶ ሁለቱ ጫፎቹ ከግድግዳው ጋር ይያዛሉ፤ ውሃው የቆመበት ቁመት በሁለቱም በኩል አንድ ነው። ውሃ ልክ የሌለበት ቤት ውስጥ ግን የሚለካው በአማት ዓይን ነው፤ አማትም ሁልጊዜ «ወደዚህ ትንሽ ጎበጥ ብሏል» ይላሉ።

ኮርኒስን ለማሳመር የማዳበሪያ ከረጢት ፈትቶ፣ ሰፍቶ፣ በእንጨት ፍሬም ወጥሮ መቸንከር ርካሽ ዘዴ ነው፤ አልነቅፈውም። ይጥበቅ እንጂ፤ ካልጠበቀ በላዩ የሚሮጠውን አይጥ ሩጫውን ብቻ ሳይሆን እግሩን ያሳያል። ጽሑፉ ወደ ላይ መዞሩም አይረሳ፤ አለዚያ እንግዳው ጸሎት ሲያደርስ ቀና ባለ ቁጥር «ዩሪያ 50 ኪሎ» ያነባል። ከረጢቱ ላይ የውሃ ቀለም መቀባት ግን ከንቱ ነው፤ ፕላስቲኩ አይዘውም፤ ሲደርቅ በቅርፊት እየተላጠ ወጥ ውስጥ ይወርዳል። ነጭ ከፈለጉ አቡጀዲ ይወጠር። ከቡናው ጥግ በላይ ያለው የጥቀርሻ ጥላና ቆርቆሮው ያፈሰሰበት ቡናማ ክብም በውሃ ቀለም አይሸፈኑም፤ በማግሥቱ ቢጫ ሆነው ብቅ ይላሉ። መጀመሪያ ቆርቆሮው ይደፈናል፤ ቀጥሎ ክቡ በነጭ ዘይት ቀለም አንድ እጅ ይታሸጋል፤ ከዚያ ነው የውሃው። ይህ ሁሉ ቢቀርና ክቡ ቢታይ እንግዳውን በትክክል ከክቡ ሥር ማስቀመጥ የተለመደ መፍትሔ ነው፤ ከራሱ በላይ ያለውን የሚያይ የለም። ዝናብ ካልመጣ።

አሁን አሁን ደግሞ «ባህላዊ ዲኮር» መጥቷል። ሐይቁ ዳር ያሉ ሎጆች በደንገልና በቀርከሃ ማማራቸውን ያዩ አዲስ ተጋቢዎች ሳሎናቸውን ሎጅ ያደርጉታል። ደንገል ውብ ነገር ነው፤ ነገር ግን ውሃ ይወዳል። ከደንገል ታንኳ የሚሠሩት የጣና ዳር ወይጦዎች ታንኳቸውን ከውሃ አውጥተው ዳር ላይ አቁመው የሚያደርቁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ካልደረቀ ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፣ ይበሰብሳል። በሐምሌ የተቆረጠ ደንገል ግድግዳ ላይ ቢለጠፍ ሻጋታው በነሐሴ ይደርሳል። በበጋ ተቆርጦ፣ ጥላ ውስጥ ተዘርግቶ፣ ሲታጠፍ መለመጡ ቀርቶ እስኪሰበር ድረስ ይደርቃል፤ ከዚያ በስሱ ሁለት ጊዜ ቫርኒሽ ይቀባል፤ ከግድግዳውም አንድ ጣት ያህል ፈቀቅ ብሎ ይሰቀላል፣ አየር ይለፍበት። ከደንገል የመብራት ጥላ የሚሠራ ሰው የድሮውን ባለ 100 ዋት አምፖል ቢሰካበት ቤቱን ሊያቃጥል ይችላል፤ ከ5 እስከ 9 ዋት ያለው ኤልኢዲ፣ ያውም ከደንገሉ 10 ሳንቲ ሜትር ርቆ፣ ይበቃል። ቀርከሃው ከሥሩ የዱቄት ክምር ካሳየ ነቀዝ ገብቶበታል።

ከዚህ ሁሉ ግን የሚያስደንቀው ሐይቁ ዳር ወርዶ ወይን ጠጅ አበባ ያለውን እምቦጭ ነቅሎ በሳሕን ውሃ ሳሎን ጠረጴዛ ላይ የሚያስቀምጠው ነው። አበባው እውነትም ያምራል። ከትውልድ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ወጥቶ ዓለምን የዞረውም ለጌጥ እየተባለ ነው። ሰው በዘመቻ ከጣና ሊያወጣው ወገቡ እስኪቀነጠስ ሲደክም እሳቸው ሳሎን አስገብተው ውሃ ይቀይሩለታል። ሲጠወልግ የሚጣለው ደግሞ የት ይመስላችኋል? ከቤት ኋላ ባለው ቦይ፤ ቦዩም የሚወርደው ወደ ሐይቁ ነው።

በር ለመጨረሻ ይቀራል። በነሐሴ በሩ አልዘጋ ይላል፤ እንጨቱ እርጥበት ጠጥቶ አብጧል። አባወራው ፒያላ አምጥቶ እስኪዘጋ ድረስ ይልገዋል። በጥር እንጨቱ ሲደርቅ ከበሩና ከመቃኑ መካከል አይጥ የሚያሳልፍ ክፍተት ይከፈታል። በክረምት መላግ ካለበትም ከሁለት ሚሊ ሜትር አይበልጥ፤ የተላገው ጠርዝና የበሩ ላይና ታች ደግሞ ወዲያው ቀለም ይቀባ፤ ውሃው የሚገባው ማንም በማያየው በዚያ በኩል ነው።

በሩ የሚቀባው በዘይት ቀለም ነው፤ የሚቀባውም ሽማግሌዎቹ ሊመጡ ዋዜማ፣ ማታ፣ በረንዳው ላይ አምፖል በርቶ። የጣና ትንኝ ሁሉ አምፖሉን አይቶ ይመጣና ቀለሙ ላይ ያርፋል፤ ከዚያም አይነሣም። እርጥቡ ቀለም ላይ ትንኝ መልቀም ቀለሙን ያበላሻል፤ ይድረቅና በ220 ብርጭቆ ወረቀት ቀስ ተብሎ ይጠረጋል። ዘይት ቀለም በበጋ በስምንት ሰዓት ውስጥ እጅ ላይ መያዙን ቢተውም በክረምት ማታ የተቀባ ግን እስከ ማግሥቱ ቀትር እርጥብ ነው። ሽማግሌዎቹ የሚመጡት ደግሞ በሦስት ሰዓት ጠዋት ነው።

«ኧረ አባባ፣ በሩን እንዳይነኩት! ቀለም ነው!» የሚለው ጩኸት ሁልጊዜ የሚደርሰው ከጋቢው በኋላ ነው።

«ይሁን እስቲ፣ ምን አላት፣ የደስታ ምልክት ነች» ይላሉ ሰውየው፤ ጋቢው ግን ትላንት ነው ከልብስ አጣቢ የወጣው። ዘይት ቀለም በውሃና በሳሙና ከታሸ ይሰፋል። ከጋቢው ሥር ደረቅ ነጭ ጨርቅ ይነጠፋል፤ ሌላ ጨርቅ ቲነር ይነካና ከእድፉ ዳር ወደ መሐል እየተጫነ፣ ሳይታሽ፣ ይነሣል፤ የተነጠፈው ጨርቅ በቆሸሸ ቁጥር ይቀየራል። ሲያልቅ ነው ሳሙናው። ሥራው የሚሠራው ደግሞ ውጭ ግቢው ውስጥ ነው፤ ረከቦቱ ተዘርግቶ ማንደጃው ላይ ፍም እያለ ሳሎን ውስጥ የቲነር ክዳን አይከፈትም።